ዕጣው እንዳይሰረቅ

በማንኛውም የጦር ሰፈር በየዕለቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የዛሬው ተረኛ ማን ነው?» የሚለው ነው። በቤተሰቦች መኖሪያ በኩል ደግሞ ቡናው ከፈላ በኋላ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «የዛሬው ዕቁብ ለማን ይወጣ ይሆን?» የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተራራቁ ይምሰሉ እንጂ የቆሙበት መሠረት አንድ ነው። የጥበቃው ተራ በአድልዎ ከተመደበ ወታደሩ ያጉረመርማል፤ ዕጣው በሰው ፊት ካልወጣ ዕቁብተኛው ይበተናል። ሰው ሸክሙንም ሆነ ዕድሉን ያለ ቅሬታ የሚቀበለው፣ ማንም አስቀድሞ እንዳላወቀውና ማንም እጁን እንዳላስገባበት ሲያምን ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ለዛሬው የመረጥነው ርእሰ ጉዳይ ይህንኑ የተራና የዕጣ ነገር ወደ አዲስ መስክ ይወስደዋል። በዘመናችን ሰው በየጊዜው ሳያዛቸው እርስ በርሳቸው በራዲዮ እየተነጋገሩ፣ ከመካከላቸው አለቃ እየመረጡ፣ በአለቃቸው አማካይነት ወሬ የሚያቀብሉ ጥቃቅን መሣሪያዎች ተሠርተዋል። ስብስባቸው ሽቦ አልባ የሴንሰር መረብ ይባላል። እነዚህ መሣሪያዎች ድንበር፣ ድልድይ፣ የእርሻ ማሳና የወንዝ ዳርቻ ሊጠብቁ ይችላሉ። ነገር ግን የአለቃቸው ምርጫ ከተሰረቀ የጥበቃው ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ሌባው በየት በኩል እንደሚገባና በሩ እንዴት እንደሚዘጋ በዚህ ጽሑፍ እናያለን።

አለቃ ያስፈለገበት ምክንያት

ሴንሰር ማለት በአካባቢው ያለውን ለውጥ፣ ማለትም ድምፅን፣ ሙቀትን፣ የመሬትን ንዝረት ወይም የውሃን ከፍታ እየለካ የሚያስታውቅ መሣሪያ ነው። በጦር ሜዳ በሰፊው ከታወቀባቸው አጋጣሚዎች አንዱ የቬትናም ጦርነት ነው። አሜሪካውያን ከእ.ኤ.አ. 1968 እስከ 1973 ድረስ «ኢግሉ ዋይት» በተባለው ዘመቻ የሆ ቺ ሚን መንገድ በሚያልፍበት ጫካ ውስጥ ድምፅና ንዝረት የሚለዩ መሣሪያዎችን ከአውሮፕላን ይጥሉ ነበር። መሣሪያዎቹ የሰሙትን በአየር ላይ ለሚያንዣብብ አውሮፕላን ያቀብላሉ፤ ወሬውም ታይላንድ ውስጥ ናኮን ፋኖም በተባለ ስፍራ ወደ ነበረው ማዕከል ይተላለፋል። እነዚያ መሣሪያዎች አለቃ አልነበራቸውም። እያንዳንዱ ለብቻው ወደ ሰማይ ይጮህ ነበርና፣ ሰሚው አውሮፕላን ከአየር ላይ እንዳይጠፋ ግድ ይል ነበር።

ዛሬ መሣሪያው በመዳፍ የሚያዝ ሆኗል፤ ችግሩ ግን ባትሪው ነው። የመገናኛ ክፍል ባልደረቦች እንደሚያውቁት፣ ራዲዮ ባትሪ የሚጨርሰው በሚያዳምጥበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ይልቁንም ወደ ሩቅ በሚያስተላልፍበት ጊዜ ነው። መቶ መሣሪያ እያንዳንዱ በየጊዜው ወደ ሩቁ ጣቢያ ቢጮህ ሁሉም በአጭር ጊዜ ይደክማል። ስለሆነም በአንድ አካባቢ ያሉት ተሰባስበው ወሬያቸውን በዝቅተኛ ድምፅ ለአንድ አለቃ ይነግራሉ፤ አለቃውም ሁሉንም አጠቃሎ አንድ መልእክት ወደ ሩቁ ጣቢያ ይልካል። ይሁንና አለቃነት ሸክም ነው፤ የአለቃው ባትሪ ከሌሎቹ ቀድሞ ያልቃል። በመሆኑም አለቃነቱ እንደ ዘብ ተራ መዞር አለበት።

ይህን የተራ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2000 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባለሙያ ዌንዲ ሃይንዘልማንና ባልደረቦቿ «ሊች» በሚል ስም አቅርበውታል። አሠራሩ ለዕቁብተኛ እንግዳ አይደለም። በየዙሩ እያንዳንዱ መሣሪያ በልቡ አንድ የዕጣ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩ ከተወሰነው ልክ በታች ከሆነ «የዚህ ዙር አለቃ እኔ ነኝ» ብሎ ያውጃል። ሌሎቹ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማቸውን አለቃ መርጠው ይከተላሉ። አንድ ጊዜ ያለቀ ሁሉም እስኪደርሰው ድረስ ወደ ዕጣው አይመለስም። ከመቶ መሣሪያ አምስቱ በየዙሩ እንዲያልቁ ከተወሰነ፣ በሃያ ዙር ውስጥ ተራው ሁሉንም ያዳርሳል። ዕቁብ የወጣለት ሰው ዕቁቡ ተጥሎ እስኪያልቅ ድረስ ዕጣ ውስጥ እንደማይገባ ማለት ነው።

ውሃው ሲመጣ

ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ለማሳየት ወደ ጎረቤታችን ወደ ሱዳን እንሻገር። በካርቱም ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል አል-ጣኢፍ የተባለ የመኖሪያ ሰፈር አለ። ካርቱም ከጣና የተነሣው ዓባያችን ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ በሀገራችን ደጋ የዘነበው የክረምት ዝናብ ውሎ አድሮ በደጃፏ ያልፋል። በ1980 ዓ.ም. ክረምት ከባድ ዝናብና ሙላት ከተማዪቱን መትቶ እጅግ ብዙ ሕዝብ ያለ መጠለያ አስቀርቷል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ደግሞ የዓባይ ከፍታ በካርቱም ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1946 እና በ1988 ከተመዘገቡት ታላላቅ ሙላቶች በለጠ፤ የሱዳን መንግሥትም ለሦስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ። ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ ያለችው የቱቲ ደሴት ነዋሪዎች በሙላት ወራት ዳርቻውን በፈረቃ እየጠበቁ፣ ውሃው ሲያይል ሰፈሩን የመቀስቀስ የቆየ ልማድ አላቸው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የምሥራቅ ናይል የቴክኒክ ቀጣና ጽሕፈት ቤትም የሙላት ትንበያ ያዘጋጃል።

ማስጠንቀቂያ ግን የሚጠቅመው ለባለቤቱ ሲደርስ ብቻ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት የካርቱምን ነዋሪ በብዛት አፈናቀለ፤ በዚያ ለዓመታት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ብዙ ወገኖቻችንም በመተማ በኩል ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በአብዛኛው ሱዳን ተቋረጠ። በአንድ ትልቅ ጣቢያ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ መገናኛ፣ ጣቢያው ሲወድቅ አብሮ እንደሚወድቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩና አለቃቸውን ራሳቸው የሚመርጡ መሣሪያዎች የሚፈለጉት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና፣ ከአል-ጣኢፍ ወደ ወንዙ በሚወስደው አቅጣጫ አርባ የውሃ ሴንሰሮች ተተከሉ ብለን እናስብ። ይህን የምንለው ለማስረዳት ያህል ነው እንጂ በዚያ እንዲህ ያለ መረብ አለ ለማለት አይደለም። ሌሊት ውሃው ይነሣል፤ ሠላሳ ዘጠኙ መሣሪያዎች «ውሃው ከፍ አለ» ብለው ለአለቃቸው ይነግራሉ። አለቃው ግን በተንኰል አለቃ የሆነ ነው። ወሬውን ይውጠዋል፤ ወይም «ሁሉም ደኅና ነው» ብሎ ያስተላልፋል። ሠላሳ ዘጠኝ ታማኝ ዘብ ነቅቶ ሳለ ሰፈሩ በተኛበት ውሃ ይገባበታል። አንድን ዘብ የገደለ ጠላት አንድ ዐይን አጠፋ፤ የዘቡን አዛዥ ቦታ የያዘ ግን የሁሉንም ዐይን አጠፋ ማለት ይህ ነው።

ሌባው የሚገባባቸው ሦስት በሮች

የመጀመሪያው በር ጩኸት ነው። መሣሪያዎቹ ድምፁ የጎላውን አለቃ የሚከተሉ ከሆነ፣ ጠላት ትልቅ ራዲዮ ይዞ ከሩቅ በመምጣት «አለቃችሁ እኔ ነኝ» ቢል ሁሉም ወደ እርሱ ይዞራሉ። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የሆኑት ክሪስ ካርሎፍና ዴቪድ ዋግነር እ.ኤ.አ. በ2003 ይህን ጥቃት «የሰላምታ ጎርፍ» በሚል ትርጉም ባለው ስም ገልጸውታል። የሚያስገርመው፣ ደካሞቹ መሣሪያዎች የሐሰተኛውን አለቃ ድምፅ ይሰማሉ፤ የእነርሱ ድምፅ ግን ሊደርስበት አይችልም። ወሬያቸውን ወደ ባዶ ሜዳ እየጮሁ ባትሪያቸውን ይጨርሳሉ።

ሁለተኛው በር ውሸት ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ዕጣውን በልቡ የሚያወጣ ከሆነ፣ የተበላሸው መሣሪያ በየዙሩ «ዕጣው ደረሰኝ» ቢል ማን ያየዋል? አለቃ የሚሆነው ባትሪው ያልደከመው ነው በሚባልበት አሠራርም «ባትሪዬ ሙሉ ነው» ቢል ማን ይለካዋል? ይህ ዕጣውን በኪሱ ውስጥ አውጥቶ «ለእኔ ወጣ» እንደሚል የዕቁብ ዳኛ ነው።

ሦስተኛው በር የስም ብዛት ነው። አንዱ መሣሪያ በአሥር ስም ተመዝግቦ ዕጣ ውስጥ ቢገባ፣ ዕጣው በትክክል ቢወጣም እንኳ ዕድሉ ከሌሎቹ አሥር እጥፍ ይሆናል። ጆን ዶውሰር የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለዚህ ተንኰል ጽፏል። አንድ ሰው የአንድ ዕጣ እየከፈለ በሌሉ ሰዎች ስም ዘጠኝ ወረቀት ቢጨምር ዕቁቡ ምን እንደሚሆን ለእናቶቻችን መንገር አያስፈልግም።

በሮቹ የሚዘጉበት መንገድ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የሦስተኛው በር መዝጊያ ማንነትን ማጣራት ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ከመተከሉ በፊት የራሱ የሆነ የምሥጢር ቁልፍ ይሰጠዋል። አዲስ ስም በመረቡ ውስጥ ሲሰማ፣ ጎረቤቶቹ በየጊዜው የሚለዋወጥ ጥያቄ ይጠይቁታል፤ ትክክለኛውን ምላሽ መስጠት የሚችለው የስሙን ቁልፍ የያዘ ብቻ ነው። ዘባችን በጨለማ የመጣውን ሰው አስቁሞ የይለፍ ቃል እንደሚጠይቀው ማለት ነው። ጥያቄው በየጊዜው መለወጥ ያለበትም፣ የትናንቱን ምላሽ ተደብቆ የሰማ ጠላት ዛሬ እንዳይደግመው ነው።

የመጀመሪያው በር መዝጊያ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። «ሰማሁህ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «አንተስ ሰምተኸኛል?» ብሎ ማረጋገጥ ያሻል። መሣሪያው ለአለቃው አንድ ቃል በዝቅተኛ ድምፁ ይልካል፤ ያ ቃል በትክክል ተመልሶ ካልመጣለት አይከተለውም። በሩቅ ሆኖ የሚጮኸው ሐሰተኛ በዚህ ይጋለጣል። የጎላ ድምፅ የአለቃነት ማስረጃ አይደለም፤ የተመሩትን መስማት መቻል ግን ከማስረጃዎቹ አንዱ ነው።

የሁለተኛው በር መዝጊያ ጠለቅ ያለ ነው፤ ይኸውም ዕጣው በአንዱ ልብ ሳይሆን በሁሉም እጅ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ማኑኤል ብሉም የተባለ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 «ተራርቀው ያሉ፣ የማይተማመኑ ሁለት ሰዎች በስልክ እንዴት ዕጣ ሊጣጣሉ ይችላሉ?» የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ፣ «አስቀድሞ ማሸግ፣ ኋላ መክፈት» በሚል ሐሳብ ላይ የተመሠረተ መልስ ሰጥቷል። ይህን ሐሳብ በቤተሰብ ማዕዘናችን በኩል ብናየው ይቀላል።

የቤተሰብ ማዕዘን፦ የታሸገው ዕጣ

ዕቁባቸው ያልወጣላቸው አምስት እኅቶች ቀርተዋል እንበል። ከአንድ እስከ አምስት ተራ ቁጥር ይሰጣቸዋል። እያንዳንዷ ለብቻዋ አንድ ቁጥር በወረቀት ጽፋ በፖስታ ታሽጋለች፤ በማሸጊያው ላይም ትፈርማለች። የሁሉም ፖስታ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጥ ማንም አይከፈትም። ከዚያ በኋላ ተከፍተው ቁጥሮቹ ይደመራሉ፤ ድምሩ ለአምስት ይካፈላል፤ የሚተርፈው ቁጥር የባለዕጣዋ ተራ ቁጥር ነው። ምንም ካልተረፈ ዕጣው የአምስተኛዋ ይሆናል።

ቁጥሮቹ 7፣ 12፣ 4፣ 9 እና 15 ቢሆኑ ድምሩ 47 ነው። 47 ለአምስት ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ዕቁቡ የሁለተኛዋ ነው። አሁን ማሸጉ ለምን እንዳስፈለገ እንመልከት። አምስተኛዋ የአራቱን ቁጥር አስቀድማ ብታይ ኖሮ ድምራቸው 32 መሆኑን ታውቅ ነበር፤ 3 ጽፋ ድምሩን 35 ታደርገውና ዕጣውን ለራሷ ትወስድ ነበር። ከታሸገ ግን ይህ አይቻላትም። እንዲያውም አራቱ ቢመሳጠሩ፣ የአምስተኛዋ ቁጥር እስከ ተሰወረና በዘፈቀደ እስከ ተመረጠ ድረስ ባለዕጣዋን ሊወስኑ አይችሉም። ስለዚህ የልደት ቀንን ወይም ሰው የሚያውቀውን የሚወዱትን ቁጥር መጻፍ አይገባም።

መሣሪያዎቹ ፖስታ የላቸውም፤ በፖስታ ፈንታ ቁጥሩን ወደ ረጅም ምልክት የሚለውጥ ስሌት አላቸው። ከቁጥሩ ወደ ምልክቱ መሄድ ቀላል ነው፤ ከምልክቱ ወደ ቁጥሩ መመለስ ግን አይቻልም፤ ከቁጥሩ አንዲት አኃዝ ብትለወጥ ምልክቱ ሌላ ይሆናል። በመጀመሪያ ሁሉም ምልክቱን ብቻ ያሰራጫል፤ የሁሉም ከደረሰ በኋላ ቁጥሩን ይገልጣል፤ ጎረቤቶቹም ስሌቱን ደግመው ያመሳክራሉ። ቁጥሩ እጅግ ረጅም መሆን አለበት፤ አጭር ከሆነ ጠላት ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ እየሞከረ ማኅተሙን ይፈታዋል። የመሣሪያው ስምና የዙሩ ቁጥርም አብረው ይታሸጋሉ፤ ያለዚያ የሌላው ወይም ያለፈው ዙር ማኅተም ተቀድቶ ሊቀርብ ይችላል።

መክፈት እንቢ ያለ እንደ ሆነ

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ቀዳዳ ያገኛል። የመጨረሻው ከፋች የሌሎቹን ሁሉ ቁጥር ካየ በኋላ ዕጣው ለእርሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ታዲያ «አልከፍትም» ቢልስ? ዕጣው እንደገና ይውጣ ከተባለ፣ የፈለገው እስኪወጣ ድረስ ያፈርሰዋል። እርሱን አስወጥተው የቀሩትን ቢደምሩም ውጤቱ ይለወጣልና፣ ምናልባት ለግብረ አበሩ ይወጣል። እንቢተኛውን ከመረቡ ማስወጣት ለሚቀጥለው ጊዜ መቅጣት ነው እንጂ የዛሬውን ዕጣ አያድንም።

የእናቶቻችን ጠረጴዛ ለዚህም መልስ አለው። እያንዳንዷ ያሸገችውን ፖስታ ራሷ አትያዝ፤ ለሌላዋ ትስጥ። ያን ጊዜ ባለቤቲቱ ብትቀር ወይም እንቢ ብትል ፖስታው ያለ እርሷ ይከፈታል። መሣሪያዎቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። አዲ ሻሚር የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳየው መንገድ፣ አንድ ምሥጢር ለብዙ ጎረቤቶች ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ ለምሳሌ ከአምስቱ ክፋዮች ማናቸውም ሦስቱ ሲገናኙ ምሥጢሩ ይገለጣል፤ ሁለቱ ብቻ ግን ምንም አያውቁም። ባለቤቱ ዝም ቢልም ዕጣው አይፈርስም። ይህ ሁሉ መልእክት ተጨማሪ ባትሪ ይበላል፤ ስለሆነም ባለሙያው የሚጠበቀው ነገር ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ መዝኖ ይወስናል። የሰው ሕይወት የሚጠብቅ መረብና የጓሮ አትክልት የሚጠብቅ መረብ አንድ ዓይነት መዝጊያ አያስፈልጋቸውም።

ይህን ለቤተሰብ ማዕዘን አንባቢዎቻችን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ዕቁብተኞች በሥራና በስደት ተበታትነዋል። አንዷ ከካርቱም ተመልሳ ጎንደር ተቀምጣለች፤ ሌላዋ በዐረብ ሀገር በሰው ቤት ትሠራለች፤ ዕጣውን የምትሰማው በስልክ ነው። የላቧን ዋጋ የላከች እኅት «ዕጣው ለእገሊት ወጣ» የሚል ቃል ብቻ ሰምታ እንድትቀበል ማድረግ ተገቢ አይደለም። በሩቅ ያለችው ቁጥሯን ለምታምናት ሴት ትንገር፤ ያቺም በዕጣው ውስጥ የሌለች ትሁን፤ ጽፋ ታሽግላት። በሚከፈትበት ጊዜ ቁጥሮቹ ሁሉ በስልክ ይነበቡላት። የራሷን ቁጥር ከመካከላቸው ሰምታ፣ ደምራና አካፍላ ውጤቱን ራሷ ታረጋግጣለች። ይህን ሥርዐት ማቆም ዳኛውን መጠርጠር አይደለም፤ እንዲያውም ታማኙን ዳኛ ከሐሜት የሚያድነው ይህ ነው።

ከተመረጠ በኋላስ?

በመጨረሻ ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። ዕጣው ንጹሕ ሆኖ ሳለ የወጣው ለከዳተኛ ሊሆን ይችላል። በሜዳ የተተከለ መሣሪያ በጠላት እጅ ሊወድቅ፣ ቁልፉም ከውስጡ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የይለፍ ቃሉን አሳምሮ ይመልሳል። የምርጫ ጥበቃ ይህን ብቻውን አያስቀርም። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይጨመራሉ። የአለቃው ዘመን አጭር ይሁን። ጎረቤቶቹ አለቃው የሚያስተላልፈውን እያዳመጡ እነርሱ ከነገሩት ጋር ያመሳክሩ። ወሬውም በአንድ አለቃ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ በሁለት መንገድ ወደ ጣቢያው ይድረስ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ጣቢያው ሰው ልኮ ያጣራ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ በወንዝ ዳር ለተተከለው መሣሪያም ሆነ በቡና ረከቦት ዙሪያ ለተሰበሰበው ዕቁብ ሕጉ አንድ ነው፤ ማን እንደ ሆነ ሳይጣራ ወደ ዕጣው አይግባ፤ የሌላውን ዕጣ ሳያይ የራሱን ይሸግ፤ የታሸገው በሁሉ ፊት ይከፈት፤ የተመረጠውም ከዐይን አይጥፋ። በሚቀጥለው የዕቁብ ቀን አምስት ፖስታና አንድ እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አኑራችሁ እንድትሞክሩት እየጋበዝን፣ ለዛሬው በዚህ እንሰናበታለን። ቸር ይግጠመን።